ምስጥ የማይነካው አፈር

አሶሳ ስንሰፍር ያልፈራነው ነገር አልነበረም። ወባውን ፈራን፣ ሙቀቱን ፈራን፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገውን ሣር ፈራን፣ ሣሩ ውስጥ የሚተኛውን እባብ ደግሞ ከሁሉ አብልጠን ፈራን። ስለ ምስጥ ግን ያስጠነቀቀን የለም። ከወሎ ስንነሳ መኪና ላይ የጫኑን ሰዎች ስለ መሬቱ ልምላሜ ሲያወሩ አፋቸው አይደክምም ነበር። ያ ለም መሬት ከሥሩ ሌላ ባለቤት እንዳለው ሳይነግሩን ቀሩ።

መጀመሪያ የበላብን የአባቴን መስገጃ ነው። ከአገራችን ተሸክሟት የመጣ አንዲት የበግ አጎዛ ነበረችው፤ ሌላው ንብረታችን በድርቁ ጊዜ ተሽጦ አልቋል። አንድ ጠዋት ሊሰግድ ሲያነሳት ፀጉሩ ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ቆዳው የለም። ከሥሯ መሬቱ ላይ ቀጭን የጭቃ መንገድ ተሠርቷል፤ በመንገዱ ውስጥ ትንንሽ ነጫጭ ነፍሳት ሥራቸውን ይዘው ይመላለሳሉ። አባቴ ቶሎ የሚቆጣ ሰው አይደለም። ፀጉሩን እንደያዘ ቆሞ አያቸውና፣ «እነዚህ ከእኛ በፊት ነው የሰፈሩት» አለ። ከዚያ ባዶ መሬት ላይ ሰገደ።

እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ጥያቄ አበዛለሁ። ምስጥ ብርሃን ለምን እንደሚጠላ፣ ዓይን ሳይኖረው መንገዱን እንዴት እንደማይስት፣ ደረቅ እንጨት በልቶ እንዴት እንደሚወፍር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። እናቴ «አንች ልጅ፣ አፍሽ አያርፍም ወይ?» ትለኝ ነበር። የሚመልስልኝ ሲጠፋ ራሴ ቁጭ ብዬ አያቸው ጀመር። የጭቃ መንገዳቸውን በስንጥር እሰብርና ሲጠግኑት እመለከታለሁ። ቤታችንን እየበሉት እንደሆነ አጥቼው አይደለም፤ ግን ሥራቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ላድርግ።

መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ መጀመሪያ ሰሞን የራሳችን ቤት መስሎን ሰው ቤት እየገባን ስንት ጊዜ ተሳሳቅን። ሁሉም የቀርከሃና የሣር ናቸው። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ግማሾቹ ዘመሙ። ምሰሶውን ከውጭ ስታየው ደህና ይመስላል፤ በጣትህ ስትነካው ይሰምጣል።

እናቴ ቤቱ ቢዘም ያን ያህል ግድ አልሰጣትም። እሷን ያንገበገባት የጎታው ነገር ነው። አገር ቤት ሳለች ጎታ በመሥራት የታወቀች ነበረች፤ የእህል ማስቀመጫ የፈለገ ሁሉ እሷን ነበር የሚለምን። አፈር ስትመርጥ በዓይኗ አይታ ብቻ አትመርጥም። በጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ከምላሷ ጫፍ ታደርሰዋለች። አሸዋ የበዛበትን፣ ጨው ያለበትን፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን ለይታ የምታውቀው በምላሷ ነው። አሶሳም በመጣን በመጀመሪያው መኸር ጎታ ሠራች፣ ማሽላችንን ሞላችው። በክረምት ስትከፍተው ከላይ ማሽላ ነው። እጇን ወደ ውስጥ ስትሰድ ገለባና ጭቃ ዘግና አወጣች። ምስጡ በወለሉ በኩል ገብቶ፣ የጎታውን መቀመጫ በስቶ፣ እህሉን ከታች ወደ ላይ ሲበላው ከርሟል። እናቴ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ወንድሜን ስትቀብር እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰችም ነበር።

ወንድሜ ጡት ሳይጥል ነው የሞተው፣ በድርቁ ጊዜ፣ ከአገራችን ከመነሳታችን ትንሽ ቀደም ብሎ። እናቴ ጡቷ ስለደረቀ የገደለችው እሷ እንደሆነች አድርጋ ነበር የምታስበው። ይህን በአፏ ተናግራው አታውቅም፤ ግን የሌላ ሰው ሕፃን ሲጠባ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። አሶሳ ከገባን በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሙሉ ለሙሉ ወደዚያ ሆድ ዞረ። አባቴ ከጋራ እርሻው ሲመለስ ከሰላምታ በፊት ሆዷን ነው የሚያየው። እኔም ውኃ እንዳትቀዳ፣ እንጨት እንዳትሸከም ጠባቂዋ ሆንኩ። ይህ ልጅ እንዲኖርልን ነበር የሁላችንም ጸሎት። ሌላ ምኞት አልነበረንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመንደሩ ጫፍ የጋራ እርሻው መጋዘንና የትራክተሮቹ ማቆሚያ ነበር። ከመጋዘኑ ኋላ አንድ መላጣ ቦታ አለ። አሶሳ ላይ ክረምት ሲገባ መሬት ላይ የተውከውን ዕቃ ሣር ይውጠዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን አንዲት ቅጠል አትበቅልም። በአንድ ጥጉ የትራክተር የተቃጠለ ዘይት ፈስሶበት ጠቁሯል፤ የቀረው ግን መልኩ ከሌላው ቀይ አፈር አይለይም። ሣሩ እስከ ዳር ድረስ ይመጣና ማለፍ የተከለከለ ይመስል ይቆማል። እንጨት ለቅሜ ስመለስ ዳሩ ላይ እየቆምኩ አስብ ነበር። ማን ከለከለው? ጉንዳን እንኳ ሲያቋርጠው አይቼ አላውቅም።

የዚያን ቦታ ጥቅም ያገኘው አባቴ ነው። የመጋዘኑ አጥር ምሰሶዎች በየዓመቱ በምስጥ እያለቁ ይቀየሩ ነበር። በሥራ ምድብ አጥር እንዲጠግን ታዝዞ ሳለ፣ በመላጣው ቦታ በኩል ያሉት ምሰሶዎች መጀመሪያ የተተከሉት እንደሆኑ አስተዋለ። አንዱን ነቅሎ ቢያየው የተቀበረው ጫፉ ቅርፊቱ እንኳ አልተነካም። ምሰሶውን ተሸክሞ ቤት ድረስ አመጣውና እናቴ እግር ሥር አስቀመጠው። አባቴን ያን ያህል ተደስቶ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

እናቴ ሄዳ አፈሩን አየችው። አሸችው፣ አሸተተችው፣ ከምላሷ ጫፍ አደረሰችው። ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል አለች፤ ግን አያያዙ ደህና ነው፣ የሚሰነጠቅም አይመስልም። እኔም አሸተትኩት። ሽታውን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋብኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩና ሳላገኘው ተውኩት።

አፈሩን በቅርጫት እያመላለስን አጓጓዝነው። አባቴና እኔ በእግራችን ረገጥነው፣ የተከተፈ ሣርና የከብት እበት ጨመርንበት፣ እናቴ ደግሞ በተርታ በተርታ እየደረበች ጎታውን አቆመችው። የተረፈውን አባቴ ግድግዳውን መረገበት፣ ወለሉንም ለሰነበት። ሲደርቅ ጎታው የሚያምር ቀይ ሆነ። እናቴ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው እየዳበሰችው፣ አሁን የመጣ ይምጣ አለች።

ሠራም። የጭቃ መንገዱ እስከ ግድግዳው ሥር ይመጣል፤ ከዚያ ይቋረጣል። ወሬው መንደሩን ለማዳረስ አልዘገየም። ሴቱም ወንዱም ቅርጫት እየያዘ ወደ መጋዘኑ ኋላ ጎረፈ። የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ከወለጋ በኩል የመጣ ጎልማሳ፣ መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ቦታ ነው ብሎ ከለከለ፤ በሳምንቱ እሱም ቤቱን በዚያው አፈር መረገ። ካድሬያችን ገና ጢሙ ያልበቀለ የከተማ ልጅ ነበር፤ በስብሰባ ላይ ተነስቶ የሰፋሪውን የፈጠራ ችሎታ አሞካሸና በግብታዊነት ሳይሆን በዕቅድ እንድንቆፍር አሳሰበን። አጨበጨብን። የምናጨበጭበው ስለ ሁሉም ነገር ስለነበር እጃችን ለምዶታል።

ቤታችን ውስጥ ዝንብ ጠፋ። ይህም ደስ አለን። ከዚያ ከጣሪያው ላይ እንሽላሊት ወደቀች፣ ሞታ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ወደቀች። አነሳኋትና አገላብጬ አየኋት፤ የተነከሰ ቦታ የላትም። ምን ገደላት ብዬ አባቴን ብጠይቀው፣ እንሽላሊት አትሞትም ወይ ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎ ጎታው ሥር እየጫረች የምትውል ዶሯችን ክንፏን ጣለች፤ ጫጩቶቿ ከእሷ በፊት አለቁ። እናቴ ፈንግል ነው አለች። ፈንግል ቢሆንማ የጎረቤትም ዶሮ ይሞት ነበር ብዬ ተከራከርኩ። ጎረቤታችን ገና ቤቱን አልመረገም ነበር። ሰሚ ግን አላገኘሁም፤ የልጅ ወሬ ተብሎ ታለፈ።

በዚያ ሰሞን አንዲት የበርታ ሴት ወደ መንደራችን ትመላለስ ነበር። ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥላ ባሚያ፣ ማርና ማንጎ ታመጣለች፤ ጨውና ሳሙና ይዛ ትመለሳለች። ሁለቱም ሙስሊሞች ስለሆኑ ከእናቴ ጋር ቶሎ ተግባቡ፤ ቋንቋ ባጠራቸው ቦታ በሳቅ ይሞሉታል። እናቴ በኩራት ጎታዋን አሳየቻት። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ልትነካው ነበር፣ መለሰችው። ጠጋ ብላ ግድግዳው ሥር የተቋረጠውን የምስጥ መንገድ አየች።

«እዚህ አገር አፈር ሁሉ የምስጥ ነው» አለች። «ምስጥ የማይፈልገው አፈር እኔ አያውቅም። ይሄ ከየት መጣ?»

ከመጋዘኑ ኋላ ነው አለቻት እናቴ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ያልኳችሁ እሱን አይደለም ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ቦታውን አልጠየቀችም፤ እዚያ ቦታ ላይስ ከየት መጣ ነው ያለችው። ያን ቀን ቤት ውስጥ አልተቀመጠችም፤ ማንጎዋን ደጅ ላይ ቆማ ለወጠችና ሄደች። ጥያቄዋ ግን እኔ ላይ ቀረ። ስንት ወር ሙሉ ምስጡ ለምን እንደሚሸሽ ስጠይቅ የኖርኩ ልጅ፣ አፈሩ ምን ሆኖ ነው ብዬ አንድም ቀን አለመጠየቄ ገረመኝ።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ከምትተኛበት መደብ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጉድጓድ አገኘሁ። የጣት ጫፍ የሚያስገባ ነው። ከቀናት በኋላ ባየው ሰፍቷል። ደስ አለኝ፤ ምስጥ የሚሸሸውን ግድግዳ የሚደፍር አውሬ አገኘሁ ብዬ። አይጥ ይሆን? የአይጥ ጥርስ ምልክት የለውም። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቀድቼ ስገባ አውሬው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል። እናቴ ናት። በጥፍሯ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። እንስራዬን ሳወርድ ሰማችኝና ቀሚሷን እንደምታራግፍ ሰው ሆና ተነሳች።

አፈር የሚያምራት እርጉዝ እንግዳ ነገር አይደለም። አገር ቤት ሴቶቹ ተደብቀው የሚሄዱበት ነጭ አፈር ያለበት ገደል ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም። ስለዚህ አልደነገጥኩም። አልደነገጥኩም ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁና ቁጭ አልኩ። ከዚያ እንሽላሊቷ ትዝ አለችኝ። ዶሯ ትዝ አለችኝ። መቆፈሪያ አንስቼ ወደ መጋዘኑ ኋላ ሮጥኩ።

ሰው እየቆፈረ የወሰደበት ጉድጓድ እስከ ደረቴ ደርሷል። ገባሁና ከሥሩ ቆፈርኩ። ብዙ አልሄድኩም፤ መቆፈሪያው የራሰ ወፍራም ወረቀት ቀደደ። የከረጢት ወረቀት ነው፣ ድርብ። ውስጡ ቀለሙን የለቀቀ፣ የተጋገረ ነጭ ነገር ነበር፤ በዳሩ አፈሩን ሮዝ ሮዝ አስመስሎታል። ሽታው ተነሳና አፍንጫዬን ሞላው። ያን ጊዜ አወቅሁት። የዘሩ ሽታ ነው። በየዓመቱ በጋራ እርሻው ለመዝራት የሚሰጠን በቆሎ በሮዝ ዱቄት ተለውሶ ነበር የሚመጣው። እንዳትበሉት፣ ከዘራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ይሉን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተራቡ ሰዎች አጥበው ቆልተው በሉትና አረፋ እየደፈቁ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስደዋል። ያ ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ስንት ጊዜ አሽቼዋለሁ።

ከጉድጓዱ ስወጣ ዘበኛው ከላይ ቆሟል። የቆፈርኩትን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለኝ። «የተቀበረ ነገር ያልቃል ብዬ ነው።»

በኋላ ላይ ለአባቴ ዘርዝሮ ነገረው። በመጀመሪያው ክረምት ለእርሻው ከሚያስፈልገው በላይ የተባይ ዱቄት መጥቶ፣ መጋዘኑ አፍስሶ ረጠበ። ይወገድ ተባለ። የት እንደሚወገድ የነገረው ሰው ስለሌለ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከነከረጢቱ ቀበረው፣ አፈር መለሰበት። የመድኃኒት መርጫዎቹም ከሥራ ሲመለሱ እዚያው ላይ ይታጠቡ ነበር፤ የትራክተሮቹ የተቃጠለ ዘይትም እዚያው ይደፋ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ ከጣለበት ቦታ ሁለተኛም ይጥላል። ክረምት በክረምት ዝናቡ እያሟሟ አፈሩን ሲያጠጣው ኖረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን የራሱን ልጆች ቤት በእሱ አይመርግም ነበር። መሬት የሰጡትን ሁሉ ውጦ ዝም የሚል ስለሚመስል ነው የተሳሳተው። እኛም ሁላችን ያን ያህሉን ነበር የምናውቀው።

እናቴን ቤት ውስጥ አገኘኋት።

«እማ፣ ግድግዳውን ስትበይ አይቼሻለሁ» አልኳት።

አፍራ ፊቷን መለሰች። «አምሮት ነው። ዝም በይ፣ ለሰው አይወራም።»

«አፈሩ ውስጥ ያ የዘሩ ዱቄት አለበት። ቆፍሬ አየሁት።»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥታ ተንበርክካ መትፋት ጀመረች። ምራቋ እስኪደርቅ ተፋች፤ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ተፋች። ውኃ አመጣሁላት፤ ተጉመጠመጠች፤ አሁንም ተፋች። ቀና ስትል ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ምስጥ እንኳ ያልነካው ንጹሕ አፈር ነው ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ይህን ስትል የተሰማኝን ለመናገር ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ ፈራሁ። እንደ ወንድሜ ይህም ይሄድብናል፣ እሷም ይህን ጊዜ አትተርፍም ብዬ ፈራሁ።

አባቴ ሲመጣ የደረሰው በጎታው ፍርስራሽ ላይ ነው። እናቴ ዘነዘናውን አንስታ ጎታውን ከወገቡ መትታው ነበር፤ ማሽላው ወለሉ ላይ ፈሷል፣ እሷ እህሉ ውስጥ ቆማ ላብ ያጠምቃታል። የዓመት ቀለባችን ነው። አባቴ እጇን ሊይዝ ሄደ፤ ነገርኩት። ዘነዘናውን ከእጇ ተቀበለና የቀረውን ራሱ አፈረሰው። መሃሉ ያለው እህል ግድግዳውን አልነካም፣ እሱ ይታጠብና ይበላ አለ። እናቴ እሺ አላለችም። አንድ ፍሬ አላስቀረችም።

ከዚያ አንድ ያላሰብነው ጥያቄ መጣ። ይህን ሁሉ አፈርና እህል የት እንጣለው? አባቴ ወደ ወንዙ ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው፤ የምንጠጣው እሱን ነው። ማሳው ላይ ብንደፋው የሚበቅለውን እንበላዋለን። ጫካው ውስጥ ብንጥለው የሰው ፍየል ይግጥበታል። በዚህ ሰፊ አገር ለአንድ ጎታ ፍርስራሽ ቦታ ጠፋ። በመጨረሻ ከወሰድንበት ጉድጓድ መለስነው፤ ሌላ የምናውቀው አልነበረም። ዘበኛውም የራሱን ቤት ምርጊት ልጦ ተሸክሞ መጣ። አባቴና እሱ አንድ ላይ እሾህ ቆርጠው አጠሩት። ከመንደሩ ሰው አንዳንዱ እንደ እኛ አፈረሰ፤ አንዳንዱ ደግሞ እህሌን ለምስጥ ልስጥ ወይ ብሎ ተወው። እነዚያ ሰዎች በኋላ የታመሙት ሕመም ከዚያ ይሁን ከወባ ይሁን ማንም አላጣራም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው እኖራለሁ።

ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር እናቴን አይቶ ሕፃኑ እንደሚንቀሳቀስ ነገራትና ወተት ጠጪ አላት። ወተት ከየት ይመጣል ብሎ አልጠየቀም። እናቴ አፈር መብላቷን ተወች፤ አምሮቱ ግን አልተዋትም። ግድግዳው ተልጦ ቀርከሃው ብቻ ቀርቷል፤ እሷ ቀርከሃውን እያየች ምራቋን ትውጣለች። ከሁሉ የከበደኝ እሱን ማየት ነበር።

ወሬው በርታዋ ሴት ዘንድ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። አንድ ቀን ባሚያና አንድ ቅል ማሽላ ይዛልን መጣች፤ ለመለወጥ አልነበረም። ይህን ጊዜ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ከጨርቋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታችና የጡብ ፍርካሽ የመሰለ አፈር ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ ብላ» አለቻት ሴትዮዋ። «ኩይሳ ነው። እኛ አገር ሴት ሆዱ ሲከብድ ይሄ ነው የሚበላው። ወላሂ፣ ምስጥ በአፉ የሠራው ነው። እሱ መጀመሪያ ቀምሶታል።»

እናቴ ቁራጩን ተቀብላ አገላበጠችው። በውስጡ ነፍሳቱ የሄዱበት ቀጫጭን ቀዳዳ ነበረው። እንዳመሏ በጣቷ አሸችው፣ አሸተተችው፣ ከምላሷ ጫፍ አደረሰችው። ከዚያ ነከሰችው። ስታላምጥ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ፤ መስገጃችንንና ማሽላችንን የበላብን ጠላት የጋገረውን ነው የምትበላው። እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ምን እንዳሳቀን አልገባትም፤ አብራን ግን ሳቀች።

ቤቱን ከወንዙ ማዶ ባመጣነው ተራ አፈር መልሰን መረግነው። ከዚያ እናቴ አዲስ አመል አመጣች። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ግድግዳውን ከሥር እስከ ላይ መመርመር ነው። የምትፈልገውን አልነገረችንም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር፣ እኔም ያንኑ እፈልግ ነበርና። ሆዷ ወደ ታች ሲወርድና ቀኗ ሲቃረብ አንድ ጠዋት አባቴን ጠራችው። ከመደቧ አጠገብ፣ ያ ጉድጓድ በነበረበት ቦታ፣ ገና ያልደረቀ የጭቃ መንገድ ወጥቷል።

«መጡ» አለችው።

አባቴ በልማዱ ሊያፈርሰው መጥረጊያ አነሳ። እጁን ያዘችው። «ተዋቸው። እስክወልድ ተዋቸው።» አባቴ መጥረጊያውን መልሶ አስቀመጠው። ለዓመታት ሲታገላቸው የኖረ ሰው፣ ምሰሶውን ሲቆረጥሙት እያየ እስክትወልድ ድረስ አንድም ቀን አልነካቸውም።

እህቴ የተወለደችው ግማሹ በምስጥ ባለቀ ቤት ውስጥ ነው። ትንሽ ነበረች፣ ድምፅዋ ግን ጎረቤት ሰበሰበ። እናቴ ስታጠባት ፊቷን ያዞረችበት ቀን የለም። በማህፀን ሳለች የደረሰባት ነገር ይኖር ይሆን ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ራሷን ባመማት ቁጥር ያ ግድግዳ ዓይኔ ላይ ይመጣል፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

መንደሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ተለዋውጧል። የጋራ እርሻው ፈርሷል፤ መጋዘኑም ጣሪያው ተወስዶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። የእሾህ አጥሩ ከበሰበሰ ቆይቷል። ባለፈው ሄጄ ሳየው ጉድጓዱ ተደልድሏል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሣር ስለሌለው ተመችቷቸዋል። ያገኘኋቸውን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንዳንዱ ሰማኝ፣ አንዳንዱ ከተቀበረ ስንት ዘመኑ ብሎ ሳቀብኝ። ዳሩ ላይ ቆሜ እንደ ድሮው ሣሩን አየሁ። አሁንም እዚያው መስመር ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ገባ ያለ መሰለኝ፣ ምኞቴም ሊሆን ይችላል።

እህቴ ዛሬ አሶሳ ከተማ ትኖራለች፤ የልጆች እናት ናት። በቅርቡ ስልክ ደውላ የአዲሱ ቤቷ የበር መቃን ምስጥ ገባበት ብላ ስታማርር፣ አፌ ላይ የመጣልኝ «አልሃምዱሊላህ» የሚል ነው። ተቆጣች፤ የቀለድኩባት መስሏት ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔ ግን ከልቤ ነበር።